የሞቱ ኮከቦች ኦክስጅንና የቃሊቲው ሚዛኔ

ይህ ጉዳይ ያስወጣኝን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ፦ አንድ የቆየ ደንበኛ፣ ግቢዬ ውስጥ የነበረችኝ አንዲት ደህና ክፍል፣ እና ሚዛኔን ይረከበኛል ብዬ የተማመንኩበት ሰው። ሦስቱም የሄዱት በኦክስጅን ምክንያት ነው። ኦክስጅን ስል ብረት የምንቆርጥበት ሲሊንደር ውስጥ ያለውን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ቢሆን ገዝቼ እገላገል ነበር። የኔን ንብረት የበላው ኦክስጅን የሚገኘው ሌላ ጋላክሲ ውስጥ ነው። እዚያ ድረስ ሄጄ ልከሰው አልችልም።

ሥራዬ ውዳቂ ብረት መግዛትና መሸጥ ነው። ቃሊቲ፣ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ከሚያድሩበት መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አለኝ። ቆራሌዎች በጋሪ፣ ጋራዦች በአይሱዙ ያመጡልኛል፤ እመዝናለሁ፣ እለያለሁ፣ ለማቅለጫ ፋብሪካ አስረክባለሁ። ትምህርት ቤቴ ይኸው ግቢ ነው፤ አስተማሪዎቼም በተለያየ ጊዜ ሊሸውዱኝ የሞከሩ ሰዎች ናቸው። በርሜል ሙሉ ብሎን ነው ብሎ ከሥር አሸዋ የሚሞላው አለ፣ ጆንያውን ውሃ ነክሮ የሚያመጣው አለ። ሁሉም በየተራ አስተምረውኛል፤ ክፍያውንም ተቀብለዋል።

ከልጆቼ ውስጥ ለዚህ ሥራ የተፈጠረችው ትልቋ ሴት ልጄ ነበረች። ወንዶቹ የሚያስቡት ስለ ሞተር ሳይክልና ስለ ስልክ ነው። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ሲያወራ አፉን ሳይሆን እጁን የምታይ ናት። ፊዚክስ ላጥና ስትለኝ ይሁን አልኩ፤ ፊዚክስ ስለ ክብደት ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዬን በሥነ ፈለክ ልሥራ ስትል ግን ነገሩ ከእጄ እየወጣ መሆኑ ገባኝ።

«ሰማይ ላይ የሚመዘን ነገር የለም» አልኳት።

«አለ እንጂ አባዬ። የኔ ሥራ እሱን መመዘን ነው።»

ሰፈሩም አላረፈም። «ልጅህ ኮከብ ቆጣሪ ሆነች አሉ» የማይለኝ ሰው ጠፋ። ከሳሪስ አቦ ድረስ አንዲት እናት ተሳፍረው መጥተው፣ የልጃቸው ትዳር ለምን እንደዘገየ ኮከቧ ይታይላት ብለው ግቢዬ ውስጥ ብረት ክምር ላይ ተቀመጡ። ልጄ ወጥታ በትህትና አናገረቻቸው። «እማማ፣ እኔ የማየው ኮከብ የሞተውን ነው» አለቻቸው። ሴትዮዋ አማትበው ወጡ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የመጣ የለም።

ቤት ውስጥ ጭቅጭቁ ሲበዛ ባለቤቴ ዳኛ ሆነች። እሷ ስትፈርድ ይግባኝ አይባልም።

«ረመዳን ሳይገባ የመመረቂያ ጽሑፏን ከጨረሰች፣ ዳግመኛ ሚዛን የሚባል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ» አለችኝ።

«ካልጨረሰችስ?»

«ካልጨረሰች ረመዳን አንድ ብሎ ሲገባ ሚዛኑ ላይ ትቀመጥልሃለች። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እስማማለሁ» አለች ልጄ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።

እኔም ተስማማሁ። ሆዴ ደስ ብሎት ነበር። የዩኒቨርሲቲ ሥራ በቀጠሮው ሲያልቅ አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው ኪሳራ በማግስቱ መጣ። ቤት መብራት እየጠፋ አስቸገረኝ፣ ቢሮህን ስጠኝ አለች። ቢሮዬ የምላት ክፍል ግቢው ውስጥ ጣሪያዋ የማያፈስ ብቸኛዋ ክፍል ናት። መስኮት የላትም፤ በቀንም ሸምበቆ መብራት፣ ያ ረጅሙ ነጭ መብራት፣ ይበራባታል። ግን በሯ ይዘጋል፣ ጄኔሬተሩም ጀርባዋ ላይ ነው። ልጄ ላፕቶፗን ይዛ ገባች። እኔ ወንበሬን ይዤ ወጣሁና ሚዛኑ አጠገብ፣ የለስላሳ ማስታወቂያ ያለበት ጃንጥላ ሥር ተቀመጥኩ። በገዛ ግቢዬ ጥበቃ መሰልኩ።

አንድ ቀን ምሳዋን ይዤላት ገባሁ። ስክሪኑ ላይ ጭስ የመሰለ አረንጓዴ ቀለበት ተደቅኗል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፕላኔታዊ ኔቡላ።»

«ፕላኔት ነው?»

«አይደለም። ከፕላኔት ጋር ምንም አያገናኘውም።»

«ታዲያ ስሙ?»

«ድሮ በትንንሽ ቴሌስኮፕ ያዩት ሰዎች ፕላኔት መስሏቸው ነው። ስሙ በዚያው ቀረ።»

ይሄ እንኳ ገባኝ። እኛም ሰፈር ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፣ የታክሲ ፌርማታው ግን እስካሁን በስሙ ይጠራል።

ሩዙን እየበላች አስረዳችኝ። እንደ ፀሐያችን ያለ ኮከብ ሲያረጅ የላይ ልብሱን ያወልቃል፤ ውጫዊ ጋዙን ይለቀዋል። መሀል ላይ የሚቀረው እምብርት ከባድ ሙቀት ስላለው የወጣውን ጋዝ ያበራዋል። ጋዝ ሲበራ ደግሞ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ቀለም ብቻ ይሰጣል፤ ኦክስጅኑም የራሱን፣ ናይትሮጅኑም የራሱን። ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና ስትዘረጋው ቀለሞቹ ቀጫጭን መስመር ሆነው ይቆማሉ። የመስመሮቹን ድምቀት ለክተህ፣ ውስጡ ምን ያህል ኦክስጅን እንዳለ ታሰላለህ።

«ለምን የሞተ? በደህና የቆመ ኮከብ ጠፋ?»

«ጋላክሲው ሩቅ ነው አባዬ። እዚያ ያለውን ተራ ኮከብ ነጥሎ መመርመር ያስቸግራል። እነዚህ ግን ብርሃናቸውን ጥቂት መስመር ላይ ስለሚያከማቹ ከሩቅ ይለያሉ። ደግሞ ኦክስጅኑን በአብዛኛው ኮከቡ ራሱ አልሠራውም፤ ሲወለድ ይዞት የመጣው ነው። ስለዚህ ያ አካባቢ በዚያ ዘመን ምን እንደነበረው ይነግርሃል። ከመሀል እስከ ዳር እየለካሁ፣ ጋላክሲው ሀብቱን እንዴት እንዳከፋፈለ አወጣለሁ።»

«ማለት ሬሳ እየፈተሽሽ ሰፈሩ ሀብታም ይሁን ድሃ ትናገሪያለሽ።»

«እንደዚያ በለው።»

«ይሄማ የኔ ሥራ ነው» አልኳት። ቀጠልኩም፤ ማቆም ነበረብኝ። «ግን ተጠንቀቂ። እኔ ግቢ የተከመረው ብረት የቃሊቲ አይደለም፣ ከየትም የመጣ ነው። ያ ኮከብሽም ዳር ላይ ተገኘ ማለት ዳር ላይ ተወለደ ማለት አይደለም።»

እንዲህ ብዬ ጠበቅኳት። ብትደነግጥ አይከፋኝም ነበር።

«እሱማ መግቢያው ላይ ተጽፏል» አለችኝ ማንኪያዋን እየላሰች። «የኮከቦች ፍልሰት ይባላል።»

ከተማረ ሰው ጋር የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ዕድሜ ልክህን ጎንበስ ቀና ብለህ ያገኘኸውን ነገር ታወጣለህ፤ መግቢያው ላይ አለ ይሉሃል።

እልህ ያዘኝና ወደ ግራይንደሩ ወሰድኳት። እኛ ብረት የምንለየው በፍንጣሪው ነው። ተራ ብረት የሚሽከረከረው ድንጋይ ላይ ስታስጠጋው ፍንጣሪው ይረዝማል፣ ይበታተናል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል። ስቴንለስ ግን አጭርና ቀላ ያለ ብልጭታ ሰጥቶ ሳይበታተን ይሞታል። «ብርሃኑን አይቼ ውስጡን አወቅኩ። አሁን ይሄ ካንቺ በምን ይለያል?» አልኳት።

ዓይኗ በራ። እሷን ደስ ያሰኘኋት መስሎኝ እኔም ደስ አለኝ። በማግስቱ ከጫማ ካርቶንና ከተሰበረ የዘፈን ሲዲ አንድ ሳጥን ሠርታ መጣች፤ በጠባብ ቀዳዳ ብርሃን ይገባል፣ ሲዲው ቀለሙን ይዘረጋዋል፣ በሌላ ቀዳዳ ታያለህ። ፍንጣሪውን በሳጥኑ አየችና ፊቷ ጨለመ።

«መስመር የለውም።»

«እንዴት የለውም?»

«ሁሉም ቀለም አንድ ላይ ነው። ፍንጣሪህ የጋለ ጠጣር ነው፣ ጋዝ አይደለም። ያንተና የኔ አንድ አይደለም አባዬ።»

«አንድ ነው ያለው ማነው?»

«አንተ ነህ።»

እንግዲህ በዚያው ቢያልቅ ምን ነበረበት። አላለቀም። ግራይንደሩን ወደደችው። ላፕቶፑ ሲሰለቻት ትወጣና ካገኘችው ክምር ቁራጭ አንስታ ድንጋዩ ላይ ታስጮሃለች። ሰዉ ሲሰለቸው ከረሜላ ይበላል።

ረመዳን እየቀረበ ሲመጣ ሥራዋ ሊያልቅ መሆኑን ነገረችኝ። የነገረችኝ ግን ሰው እንደሞተበት ሰው ሆና ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ከጋላክሲው መሀል ወደ ውጭ ስትሄድ ኦክስጅኑ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ደንቡም ይሄ ነው። ዳር ላይ ስትደርስ ግን ድንገት መልሶ ይጨምራል።

«አማካሪሽ ምን አሉ?»

«ደስ ብሏቸዋል። የሳቸው የድሮ ጥናትም እንደዚያ ነው የሚለው። ጻፊውና አስገቢ አሉኝ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ዳሩ እንዲህ ሀብታም መሆን የለበትም።»

«መሆን ያለበትን የምትወስኚው አንቺ ነሽ?» አልኳት ተናድጄ። የተናደድኩት እየተሸነፍኩ ስለነበር ነው። ልትጨርስ ነው፤ ሚዛኔ ወራሽ አጣ።

በዚህ መሀል ነው ሐጂ የመጡት።

እዚህ ላይ የንግዳችንን ደንብ ልናገር። ሰው ዕቃውን ይዞ ቆሞ ሳለ ዕቃው ግራይንደር ላይ አይወጣም። ጨዋ ነጋዴ ስቴንለስን ከተራ ብረት የሚለይበትን ማግኔት እንኳ ከኪሱ አያወጣም። ትመዝናለህ፣ ትከፍላለህ፣ ትመራረቃላችሁ፤ ሰውየው ከሄደ በኋላ ትፈትሻለህ። ጉድለት ካለ ሌላ ቀን ሻይ እየጠጣችሁ ለብቻው ትነግረዋለህ፣ እሱም በሚቀጥለው ጭነት ያካክስሃል። ፊቱ ላይ ከፈተሽክ ግን ሌባ ብለኸዋል። ይሄ የትም አልተጻፈም። ስለዚህ ልጄ አላነበበችውም።

ሐጂ የምንላቸው እንደኔው ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ከፈረሱ ሆቴሎችና ካንቲኖች የስቴንለስ ዕቃ ይሰበስባሉ፤ እኔ ግቢ ከከፈትኩ ጀምሮ ከኔ ሌላ ሚዛን አያውቁም። ያን ቀን አይሱዙአቸውን አስጠግተው አውራጆቹ እያወረዱ ነው። እኔና እሳቸው ገና ሰላምታ ላይ ነን፤ የወሎ ሰላምታ ቶሎ አያልቅም። ስለ ጤና ጨርሰን ስለ ዝናብ ስንጀምር ከኋላዬ ግራይንደሩ ጮኸ። ዞር ስል ልጄ ከሐጂ ጭነት የመታጠቢያ ገንዳ እግር አንስታ ድንጋዩ ላይ ደቅናዋለች። ፍንጣሪው እንደ ርችት ይበታተናል።

«አባዬ!» አለች ጮክ ብላ፣ ደስታዋ አላስቻላት። «ይሄ እኮ ስቴንለስ አይደለም! ተራ ብረት ነው፣ ላዩን ነው የለበጡት!»

አውራጆቹ የያዙትን ይዘው ቆሙ። የሐጂ ፈገግታ ፊታቸው ላይ ደረቀ።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«ተዋት ሐጂ፣ ልጅ ናት። ስለ ኮከብ ነው የምትማረው።»

«ስለ ኮከብ የምትማር ልጅ ከኔ ብረት ጋር ምን አገናኛት?»

ልጄ ነገሩ መበላሸቱ ገባት መሰለኝ፣ ልታስተካክል ብላ ቀረበች። «አንቱን ማለቴ አይደለም ሐጂ። አንቱም ተሸውደው ይሆናል እኮ።»

እንዲህ ያለ ማስተካከያ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ሐጂን በአንድ ጠዋት ሌባም ቂልም አደረገቻቸው፤ ያውም አውራጆቻቸው ፊት።

«ጫኑ» አሉ ሐጂ። የወረደው ሁሉ ተመልሶ ተጫነ። «በል አላህ ያግዝህ» አሉኝና ጋቢናው ውስጥ ገቡ። ቂሊንጦ መንገድ ላይ ሌላ ሚዛን እንዳለ ያውቃሉ፤ መኪናው ወደዚያ ነው የታጠፈው።

«ግን እውነት ነው» አለች ልጄ።

«እውነት መሆኑንማ ገና መኪናው ላይ እያለ አይቼዋለሁ!»

«ታዲያ ለምን ልትገዛው ነበር?»

«ሰውየውን ነው የምገዛው! ብረቱን ማን አለሽ?»

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ክፍሌ ማለቴ ነው። እኔ ትንሽ ቆይቼ፣ ቁጣዬ ገና ስላላለቀ፣ ቀሪውን ልነግራት ገባሁ። ያንን የጫማ ካርቶን ዓይኗ ላይ ደግና ወደ ጣሪያው አንጋጣ አገኘኋት። ሸምበቆ መብራቱን እያየች ነው። መቆጣቴንም አልሰማችም።

«ና እስቲ እይ» አለችኝ።

አየሁ። ቀስተ ደመናው ተቆራርጧል፤ መሀሉ ላይ ደማቅ አረንጓዴ፣ ወደ ጥጉ ደማቅ ሰማያዊ መስመር ቆሟል።

«ሰማያዊው የሜርኩሪ ነው» አለች። «ሸምበቆ መብራት ውስጥ ሜርኩሪ አለ። የድሮ የመንገድ ፓውዛ ውስጥም አለ።»

«እና?»

«የኔ ኦክስጅን የሚወድቀው እዚያው ላይ ነው።»

እንድትደግምልኝ አደረግኳት፤ ለናንተም በኔው ቋንቋ ልበለው። ኦክስጅኑን ለማስላት መጀመሪያ ጋዙ ምን ያህል እንደሚግል ማወቅ አለብህ። ያንን የሚነግርህ አንድ ደካማ የኦክስጅን መስመር ነው። ጋላክሲው ወደ እኛ እየመጣ ስለሆነ ብርሃኑ ከቦታው ትንሽ ይንሸራተታል፣ ያም ደካማ መስመር ተንሸራቶ ሜርኩሪው ላይ ይቀመጣል።

«ቆይ፣ ወደ እኛ እየመጣ ነው?»

«አዎ።»

«እና እዚህ ሊደርስ?»

«በጣም ቆይቶ።»

«ቢሮዬን ይዘሽብኛል፣ የት ላስቀምጠው ነው?»

አልሳቀችም። የመሀሎቹ ኔቡላዎች ብርሃን የተቀዳው ሰው በማይኖርበት ተራራ ላይ ባለ ቴሌስኮፕ ነው። የዳሮቹን ግን አማካሪዋ ራሳቸው፣ ገና ተማሪ ሳሉ፣ ውጭ አገር ከተማ አጠገብ ባለ ቴሌስኮፕ ነው የቀዱት። የከተማው መብራት ገብቶበታል። እሳቸውም ያንን አጽድተው ነው ለሷ የሰጧት።

«ሲያጸዱ ከኦክስጅኑም አብረው ጠርገዋል» አለች። «መስመሩ ሲደክም ጋዙ ቀዝቃዛ ይመስላል። ቀዝቃዛ ነው ብለህ ስታሰላ ደግሞ ኦክስጅኑ ይበዛብሃል። ዳሩ ሀብታም የሆነው ለዚህ ነው።»

«አሸዋ አለበት ብሎ ብረቱንም የሚቀንስ ገዢ በይኛ።»

«በትክክል።»

«ይሄኛውም መግቢያው ላይ አለ?»

«የለም» አለች። የዚያን ቀን ትርፌ ይኸው ነበር።

ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። የያዘችውን እንዳለ ብታስገባ አማካሪዋም ደስ ይላቸዋል፣ እሷም ረመዳን ሳይገባ ትጨርሳለች፣ ከሚዛኔም ነጻ ትወጣለች። ያልጸዳውን ጥሬ ብርሃን አስመጥታ እንደገና ልሥራ ካለች ግን ጊዜው አይበቃትም። እኔ ዝም ማለት ብቻ ነበረብኝ።

«እንዲህ ሆኖ አላስገባውም» አለች። «አሁኑኑ እጽፍላቸዋለሁ። ለዲፓርትመንቱም ሁሉ ግልባጭ አደርጋለሁ።»

ዝም ማለት ብቻ ነበረብኝ አልኩ እንጂ ዝም አላልኩም።

«ዛሬ ጠዋት ምንም አልተማርሽም ማለት ነው?»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ሐጂ! እኚህም ሰውዬ ዕቃቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ዲፓርትመንቱ ደግሞ አውራጆቹ ናቸው። አውራጆች ፊት ነው ግራይንደር የምታስነሺው?»

«ሳይንስ ላይ እንደዚያ የለም አባዬ።»

«ሳይንሱን የሚሠራው ሰው ነው ወይስ ሌላ? ብቻሽን ሂጂ። ስህተት የሚል ቃል አትጥሪ። ሳጥንሽን ስጫቸውና የቢሯቸውን መብራት ይዩ። ከዚያ አፍሽን ዝጊ። ራሳቸው ካገኙት የሚቆጡት ሰው አይኖርም።»

እንዲህ ብዬ በገዛ አፌ ወራሼን መንገድ አስያዝኳት። የሚገርመኝ አሁንም ድረስ ይሄ ነው።

በማግስቱ ሳጥኗን በፌስታል አንጠልጥላ በባቡር ወደ መሀል ከተማ ሄደች። ስትመለስ ሚዛኑ አጠገብ ጠበቅኳት።

«ምን አሉ?»

«አዩት። መልሰው አዩት። ከዚያ ‹ይህንን መብራት የሚቀይር ሰው ፈልጊልኝ› አሉኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ወጣሁ።»

ከዚያ የአማካሪዋ ድምፅ ጠፋ። ልጄ ስልኳን እያየች ከሳች፤ እናቷ እኔን እያየች ተቆጣች፤ እኔ ያጠፋሁት ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በቴሌግራም ያ ያልጸዳው ጥሬ ብርሃን መጣ። ሁሉም፣ ከነከተማው መብራት። ከሥሩ «ያኔ ወጣት ነበርኩ» ብለው ጽፈውላታል፤ ሌላ ቃል የለውም።

እንደገና ማጽዳት ጀመረች። ጄኔሬተሬ ቀን ሙሉ አጉረመረመ። የሜርኩሪውን ድርሻ ከኦክስጅኑ መለየት፣ ከተደባለቀ ጆንያ ነሐስ በወረንጦ እንደመልቀም ነው፤ አንዱን ስትጨርስ ሌላው ይጠብቃል። ገና ግማሹ ላይ እያለች ረመዳን ደረሰ። የሰፈሩ ሰው ጨረቃ መታየቷን የሚጠይቀው ልጄን ነው፤ «አንቺ ሰማይ ላይ ነሽ አይደል፣ ነገ ነው?» ይላታል። እሷም «እኔ የማየው ጋላክሲ ከጨረቃ ይርቃል» ስትል ቅር ይሰኛሉ። ያን ቀን ግን ጨረቃዋ ያለሷ ታየች። ልጄ ወደኔ መጥታ «ነገ ስንት ሰዓት ልግባ?» አለችኝ። ባለቤቴ ፊቷን አዞረች። የፈረደችው እሷ ናት፤ ምን ልትል ነው?

በመጀመሪያው የጾም ቀን ጠዋት ልጄ ሚዛኑ ላይ ተቀመጠች። ስንት ዘመን ስጠብቀው የነበረ ቀን ነው። እስኪ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን ቆራሌ ጆንያ መዘነች። አወረደችው። መልሳ መዘነችው። አሁንም አወረደችው። «ምን ሆነሽ ነው እህቴ፣ ጾመኛ ነኝ እኮ» አላት። «አንዴ መመዘን አይበቃም፣ ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ አለብኝ» አለችው። ከኋላው ጋሪዎች እየተሰለፉ መንገዱ ላይ ወጡ። የጋራዥ ባለቤት የሆነ አንድ ደንበኛዬ ስንት ሆነልኝ ሲላት ቁጥሩን ነገረችውና «ከዚህ ትንሽ ከፍ ወይም ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል» አለችው።

«እንግዲያው ከፍ ባለው ክፈዪኛ!» አለ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ደግሞ ልጄ የሚዛኑን ክዳን ከፍታ ውስጡን ስታይ ቆየችና፣ ሻጮቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት «አባዬ፣ ሚዛንህ የተዛባ ነው» አለች።

ቀረብኳት። «በማን ላይ?»

«በአንተ ላይ። ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ነው የሚያነበው።»

ዞር ብዬ ቆራሌዎቹን ሳያቸው አንዱም አልተገረመም። ያውቁ ነበር። እኔ ጋ የሚመጡት ለመልካም ጠባዬ ብለው መስሎኝ ነበር። አስተካከለችው፤ እነሱም ጾም ላይ መሆናቸውን እያስታወሱኝ፣ የተስተካከለ ሚዛን እንደማይስማማቸው ገለጹልኝ። ሁለቱ ጋሪያቸውን አዙረው ወጡ።

«ተነሺ» አልኳት።

«ቃሌ ነው አባዬ። አላበቃሁም።»

«ቃልሽን መልሼልሻለሁ። ሂጂና ያንን ኦክስጅንሽን መዝኚ፤ እሱ ሰልፍ አይዝም፣ አይሳደብም።»

«እማዬስ?»

«እናትሽን እኔ እችላታለሁ። ተነሺልኝ አልኩ!»

አንጀቴ ተንሰፍስፎ አይደለም። የያዘኝ ረሃብና ሰልፍ ነው። እርግጥ ነው፣ ጠዋት ሙሉ በየመሀሉ ወደ ቢሮዋ በር ስትሰርቅ አይቻታለሁ፤ ውስጥ ላፕቶፑ ብቻውን እያሰላ ነበር። ተነስታ ስትሄድ ቀስ ብላ መሄድ ጀመረችና በሩ ጋ ስትደርስ ሮጠች።

በዒድ ይዣት ሐጂ ቤት ሄድኩ። ልጄ ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ አለች፤ አነሷት፣ መረቋት፣ ትምህርቷን ጠየቋት፣ እየደጋገሙ አበሉን። ስለ ብረት አንድ ቃል አልተነሳም። ተነስቶ ቢሆን ተስፋ አደርግ ነበር፤ ተስፋ ያስቆረጠኝ አለመነሳቱ ነው። ከዒድ በኋላም አይሱዙአቸው በበሬ ሲያልፍ ሹፌሩ ክላክስ አድርጎ ሰላም ይለኛል፣ አይቆምም።

ልጄ ጨረሰች። ፈታኞቿ ፊት ቆማ ተከራክራ አለፈች። የድሮውን ውጤት የሚያርመውን ጽሑፍ አማካሪዋና እሷ አብረው እየጻፉት ነው። ዳሩ ሀብታም አይደለም፤ እንደ ደንቡ ከመሀል እየራቀ ሲሄድ ኦክስጅኑ እየቀነሰ ይሄዳል።

«ዳር ያለ ሰፈር ብዙ እንደማይደርሰው ለማወቅ ቃሊቲ መቆም ይበቃ ነበር» አልኳት።

«ማወቅና መለካት ይለያያል» አለችኝ። «ደግሞ ጥቂቶቹ ከታረሙም በኋላ ሀብታም ሆነው ቀርተዋል። መሀል ተወልደው ወደ ዳር የወጡ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

«መግቢያው ላይ እንዳለው።»

«አንተ እንዳልከው» አለች።

አሁን ሦስተኛውን ዲግሪ ጀምራለች። ሌላ ጋላክሲ ነው አሉ፣ ከፊተኛው የሚርቅ።

እንግዲህ መዝጊያው ይህ ነው። ሐጂ አልተመለሱም። ክፍሏ አልተለቀቀችም። ሚዛኑ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።